«ወላጅ አምጣ» እስኪባል አንጠብቅ



ክረምቱ ሲጋመስ በብዙ ቤቶቻችን አንድ ዓይነት ሸንጎ ይቀመጣል። የስምንተኛ ክፍል ውጤት ወጥቷል፣ ልጅቷ አልፋለች፣ ምስጋናው ደርሷል፣ ቡናው ተፈልቷል። ከዚያ አጎት ይጠይቃል፦ «ዘጠነኛ የት ልትገባ ነው?» የሰፈሩ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ ቤቱ ጭጭ ይላል። «እዚያማ ዱርዬ ነው የሚፈለፈለው» ይላል አንዱ። «መምህር አይገባም አሉ» ትላለች ሌላዋ። እናት ደግሞ «የጎረቤታችን ልጅ እኮ ስልኩን እዚያው በር ላይ ነው የተቀማው» ብላ ትጨምራለች። አባት ዝም ብሎ በልቡ ያሰላል፦ የግል ትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ወርሃዊ ክፍያ፣ መጽሐፍ፣ ዩኒፎርም፣ ሰርቪስ። ሲደመር አልሞላ ይለዋል። እናት ወደ ወርቋ ታያለች።

በዚያ ሸንጎ ላይ ሁሉም ነገር ይነሳል፤ አንድ ጥያቄ ብቻ አይነሳም። ከመካከላችን ያንን ግቢ ገብቶ ያየው ማነው?

ማንም። አጎት ሰምቶ ነው፣ አክስት ተነግሯት ነው፣ እናት ከጎረቤት ነው። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይላል ያገራችን ሰው። እኛ ግን በልጆቻችን የአራት ዓመት ዕድሜ ላይ መላ ሳንጨምር፣ በወሬ ብቻ እንፈርዳለን። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ፍርድ ነው። የሚቆረቁር ቃል ቢኖርበት ከእኛው ለእኛው የተባለ ነውና ታገሱን።

ወሬው ሁሉ ውሸት አይደለም

አስቀድመን የምናምነውን እንመን። ይህን የምንጽፈው ከመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወጣን ልጆች ነን። በር ላይ ስልክ ሲቀማ አይተናል። የሁለት ሰፈር ልጆች ተጣልተው ድንጋይ ሲወራወሩ በጓሮ አጥር ዘለን ሮጠናል። አንድ ሴሚስተር ሙሉ የፊዚክስ መምህር ሳይመደብልን ቀርቶ፣ ፈተና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የመጣው ሰው ምዕራፎቹን በስም ብቻ እየጠራ አልፏቸዋል። ከኋላ ወንበር ሰሌዳው የማይነበብበት የታጨቀ ክፍል ውስጥ ሦስት ሦስት ሆነን ተቀምጠናል። ስለዚህ «ሁሉም ሰላም ነው፣ ልጅህን ዝም ብለህ ላክ» ብለን ማንንም አናታልልም። ቢላ በሚመዘዝበት ግቢ ውስጥ ልጁን ለመርህ ብሎ የሚያስቀምጥ አባት የለም፤ ሊኖርም አይገባም። አይቶ፣ መርምሮ «ይህ ለልጄ አይሆንም» ያለ ወላጅ መብቱ ነው።

ሆኖም እዚያው ግቢ ውስጥ ሌላም ነገር አይተናል። ላይብረሪው ተዘግቶ እስኪባረሩ ድረስ የማይነሱ ልጆች ነበሩ። ቅዳሜ ጠዋት ሳንቲም ሳይከፈለው ሒሳብ የሚያስረዳ መምህር ነበር። ያው በር፣ ያው ዘበኛ፣ ያው የተሰነጠቀ ሰሌዳ ነው። አንዱ ልጅ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ሌላው ከዚያው ሱስ ተሸክሞ ወጣ። ልዩነቱ ምን ነበር? የልጁ ጠባይ ብቻ ነው ብለን እንዳንዘጋው፣ አንዳንዶቻችን ሁለቱንም ሆነናል፤ በአንድ ዓመት ጎበዝ፣ በሚቀጥለው ዓመት ፎርፈኛ።

ከዓመታት በኋላ ተሰብስበን ስናወጣ ስናወርድ ያገኘነው መልስ አንድ ነው፤ ክፍት ፔሬድ።

አንድ በር፣ ሁለት ሌባ

እስኪ ለአፍታ ወደኋላ እንመለስ። ያ የድንጋይ ጠብ የተነሳው ስንት ሰዓት ላይ ነበር? መምህር ባልገባበት ሰዓት። የመጀመሪያዋ ሲጋራ የተለኮሰችው፣ የመጀመሪያው ጫት የተቀመሰው መቼ ነበር? አራተኛው ፔሬድ ባዶ ሆኖ አጥር ሲዘለል። እህቶቻችን በኮሪደሩ ላይ ማለፍ የሚፈሩት መቼ ነበር? ሦስት አራት ክፍል ያለ መምህር ተለቅቆ ኮሪደሩ በሥራ ፈት ልጅ ሲሞላ። መምህር ቆሞ ሲያስተምር ጠብ የተነሳበትን ቀን ብናስብ ብናስብ ትዝ አላለንም።

ለዚህ ነው በየቤቱ የሚባለው ነገር የማይዋጥልን። አንዱ ወላጅ «መጀመሪያ ሰላሟ ይጠበቅ፣ ትምህርቱ ቀስ ብሎ ይደርሳል» ይላል። ሌላው «ትምህርቱ ጥሩ ይሁን እንጂ ወንድ ልጅ ራሱን ይጠብቃል» ይላል። ሁለቱም ሰላምንና ጥራትን በሁለት ከረጢት ለይተው የሚመዝኑ ናቸው። ሁለት ከረጢት የለም። መምህር የቀረበት አርባ ደቂቃ ትምህርቱንም ሰላሙንም በአንድ ጊዜ ይሰርቃል። ሌባው የሚገባው በአንድ በር ነው።

አጥሩ ቢረዝም፣ ዘበኛው ቢበዛ፣ ካሜራ ቢሰቀል፣ መምህር የማይገባበት ክፍል ሰላም አይሆንም። በተቃራኒውም ያው ነው። ስትወጣ የሚጠብቃት ለካፊ መኖሩን የምታውቅ ልጅ የመጨረሻውን ፔሬድ አትማርም፤ ሰዓቷን እያየች ቦርሳዋን ትሰበስባለች። ስልኬን ይቀሙኛል ብሎ የሚሰጋ ልጅ ከትምህርት በኋላ ላይብረሪ አይቆይም። ፍርሃት ራሱ ክፍት ፔሬድ ነው፤ መምህሩ ቆሞ እያለም ልጁ የለም።

እንግዲህ ወላጅ ማወቅ ያለበት ትልቁ ነገር «ሰፈሩ እንዴት ነው?» የሚለው አይደለም። ይህ ትምህርት ቤት የልጄን ሰዓት ይዞ ይውላል ወይስ በትኖ ይለቀዋል? ጥያቄው ይህ ነው።

ቁጥሩ ለማንም አያዳላም

«እሺ፣ ለዚህ አይደል የግል የምንፈልገው?» የሚል ይኖራል። ጥሩ የግል ትምህርት ቤት የለም አንልም፤ አለ። ክፍያውን ችሎ፣ ሥራውን አይቶ ልጁን ያስገባ ሰው ላይም ጣት አንቀስርም። የምንቃወመው «የግል» የሚለውን ስም ብቻ ገዝቶ እፎይ ማለትን ነው።

ትምህርት ሚኒስቴር ይፋ ያደረጋቸውን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤቶች እናስታውስ። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው አስቀድሞ ወጥቶ መሰረዙን፣ ከዚያም በኋላ የኩረጃው ነገር ማሳሰቡን ሁላችንም እናውቃለን። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እንዲሰጥ ሲደረግ እውነቱ ፊት ለፊት ወጣ። በዚያ ዓመት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ።

ፈተናው ላይ የተቀመጠው የመንግሥት ተማሪ ብቻ አልነበረም። ሰርቪስ የሚመላለስላቸው፣ ሕንፃቸው በመስታወት ያሸበረቀ፣ በር ላይ የእንግሊዝኛ ስም የተጻፈባቸው ትምህርት ቤቶች ልጆችም እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነበሩ። በሪፖርት ካርዱ ላይ ዘጠና ዘጠና የተደረደረለት ልጅ ብሔራዊ ፈተናው ላይ ከግማሽ በታች ሲያመጣ ወላጁ ምን እንደተሸጠለት ያን ጊዜ ይገባዋል። የተሸጠለት ካርድ ነበር። ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር ወላጅን ለማስደሰት የተጻፈ እንጂ ልጁን ለመመዘን የተጻፈ አልነበረም።

በሌላ በኩል ሚኒስቴሩ ጥሩ ውጤት አስመዘገቡ ብሎ በተደጋጋሚ ከጠቀሳቸው መካከል አዳሪ ትምህርት ቤቶች ይገኙበታል፤ ከእነዚህም በመንግሥት የሚተዳደሩ አሉ። እውነት ነው፣ ተማሪዎቻቸውን መርጠው ነው የሚያስገቡት፤ ይህን ሳንጠቅስ ማለፍ ማታለል ነው። ግን ምርጫው ብቻ አይደለም። እዚያ የልጁ ሰዓት ከጠዋት እስከ ማታ ባለቤት አለው። ባለቤት ያለው ሰዓት ደግሞ የመንግሥትም የግልም ሳይል ያፈራል።

ለወንዱ ጥራት፣ ለሴቷ ደኅንነት

አሁን ወደሚያመው ቦታ እንምጣ።

ገንዘቡ ለአንድ ልጅ ብቻ ሲበቃ በብዙ ቤቶቻችን ምን እንደሚወሰን ሁላችንም እናውቃለን። ለወንዱ «ጥራት» ይፈለግለታል፤ ርቀቱ አይታይም፣ ሁለት ታክሲም ይያዛል። ለሴቷ «ደኅንነት» ይፈለግላታል። ደኅንነት ማለት ደግሞ ቅርብ ማለት ነው፤ ቅርቡ ካልተስማማ የማታ ማለት ነው፤ የማታው ካስፈራ ቤት መቀመጥ ማለት ነው። ውጤቷ ከወንድሟ ቢበልጥም ለውጥ የለውም።

የእናትና የአባት ስጋት ከንቱ ነው አንልም። የታክሲ ሰልፍ ላይ የሚደረገውን እናያለን። በሙስሊም ቤት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፤ «በሒጃቧ ያስገቧት ይሆን?» የሚል። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ከተማ እህቶቻችን ሒጃብ በመልበሳቸው ከክፍል ውጭ ሆነው፣ ጉዳያቸው ፍርድ ቤት እስኪደርስ ድረስ የሆነውን ያየ ወላጅ ቢሰጋ አይፈረድበትም። ይህ ስጋት መፍትሔ የሚያገኘው ግን ልጅቷን ከትምህርት በማስቀረት አይደለም። በር ላይ ልትመልሳት ያሰበውን ሰው ሥራ በራሳችን እጅ ጨርሰንለት ምን ተረፈን?

እና ቤት ከተቀመጠች በኋላስ? ብዙዎቻችን መልሱን በስም እየጠራን የምናውቀው ነው። አንድ ዓመት ቤት ትውላለች፤ በሁለተኛው ዓመት ባል ይፈለግላታል፤ ወይም ፓስፖርት ይወጣላትና ዓረብ አገር ትሄዳለች። ልብ በሉልን፤ ከሰፈር ታክሲ ለካፊ «ጠብቀናት» ወደማናውቀው ሰው ቤት፣ ቋንቋውን ወደማትችለው አገር፣ ብቻዋን ላክናት። የምትልከው ብር ደግሞ ለወንድሟ የግል ትምህርት ቤት ይከፈላል። ይህ ደኅንነት ነው? ሚዛኑን የያዘው እጅ ከመጀመሪያውም አዘንብሎ ነበር እንጂ ጉዳዩ የደኅንነት አልነበረም።

አባቶቻችንን እንወዳለን፣ እናከብራለንም። ግን በሸንጎው ላይ ታላቅ ወንድም ሆነን ተቀምጠን፣ ይህ ሲወሰን ስልካችንን እየነካካን ዝም ያልነው እኛ ነን። «አባባ፣ የእሷ ውጤት ከእኔ ይሻላል፤ እኔ ቅርቡ ልግባና እሷ ወደ ጥሩው ትሂድ፤ ጠዋት ጠዋት አብረን እንወጣለን» ያለ ወንድም ስንት ነው?

ወላጅ እንደ ቅጣት

በአገራችን ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሁላችንም የምናውቀው አንድ ቃል አለ፤ «ወላጅ አምጣ!»

ቃሉን ልብ ብለን ሰምተነው እናውቃለን? ተማሪ ሲጣላ፣ ሲፎርፍ፣ ሲያረፍድ ዩኒት ሊደሩ «ወላጅ ይዘህ ና» ይለዋል። ወላጅ በትምህርት ቤት ውስጥ የቅጣት ስም ነው። ልጁ እናቱን ከገበያ አስነስቶ ያመጣታል፤ እናት በር ላይ ዘበኛ «ለምን መጣሽ?» ይላታል፤ ቢሮ በር ላይ ትቆማለች፤ ገብታ ትዘለፋለች፤ ፈርማ ትወጣለች። ከዚያ በኋላ ያ ግቢ ለእሷ ያፈረችበት ቦታ ነው። አንዳንዱማ ከዚህ ሁሉ ብሎ ከመንገድ ላይ «አጎቴ ነው» የሚለውን ሰው በሃምሳ ብር ይከራያል። እኛም ሲደረግ አይተናል፣ ስቀንም አልፈናል። ዛሬ ስናስበው ግን አያስቅም። ልጁ ወላጅ ሲከራይ ትምህርት ቤቱ አላወቀም፤ ወላጁም ልጁ መቀጣቱን አላወቀም። ሁለቱ ወገን በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አልተያዩም ማለት ነው።

ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። በእያንዳንዱ የመንግሥት ትምህርት ቤት ወተመህ የሚባል አለ፤ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት። ወላጆች ተመርጠው ይገቡበታል። የትምህርት ቤቱ ዕቅድና በጀት፣ የመምህራን መቅረት፣ የግቢው ሰላም እዚያ መነሳት ያለበት ነገር ነው። ከመካከላችን የአባቱን ወይም የእናቱን ስም ወተመህ ውስጥ ያየ ስንት ነው? በመስከረም ስብሰባ ሲጠራ የሚመጡት ጥቂት ናቸው፤ የመጡትም «ማን ይሁን?» ሲባል አንገታቸውን ይደፋሉ፤ በመጨረሻ ሁልጊዜ የሚመረጠው ሰው ይመረጣል። ከዚያ በሐምሌ ውጤት ሲበላሽ «ትምህርት ቤቱ ገደለን» እንላለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ ወላጅ ላይ አንጭንም። በር ዘግቶ «ሂሳብ አትጠይቁኝ» የሚል ርዕሰ መምህር አለ። ወላጅ መጥቶ ስለ ባዶ ፔሬድ ሲጠይቅ «የእኔ ሳይሆን የክፍለ ከተማው ችግር ነው» ብሎ የሚሸኝም አለ። ደመወዙ ስለማይበቃው ጉልበቱን ለሌላ ሥራ ቆጥቦ ወደ ክፍል ደክሞ የሚገባ መምህር አለ፤ የእሱም ጉዳይ እንደ ሰው ሊታይለት ይገባል። ግን አንድ ነገር እናውቃለን፤ ጠያቂ ያለው ትምህርት ቤትና ጠያቂ የሌለው ትምህርት ቤት በጀታቸው አንድ ሆኖ እንኳ አንድ አይሆኑም።

እንግዲህ እንዴት እንመዝን?

«ግቡና እዩ» ብሎ መተው ቀላል ነው። ምን እንይ? ከራሳችን ልምድ ይረዳል ያልነውን እንዘርዝር፤ ለመንግሥቱም ለግሉም እኩል ይሠራል።

አንደኛ፣ በሩ ላይ ቁሙ። ተማሪ ሲገባና ሲወጣ፣ ደግሞም ትምህርቱ ተጋምሶ ሳለ። በዚያ ሰዓት ከግቢ ውጭ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ከበዛ ትምህርት ቤቱ ሰዓቱን አልያዘም ማለት ነው። ከአጥሩ ማዶ ያሉትን ቤቶችም ቁጠሩ፤ ጫት ቤት፣ ሺሻ ቤት፣ ፑል ቤት።

ሁለተኛ፣ ተማሪዎቹን ጠይቁ። «ትናንት ስንት ፔሬድ ባዶ ዋላችሁ?» በሉ። «ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው?» ብትሉ ሁሉም «ጥሩ ነው» ይላል። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ እንግሊዝኛ መምህር አለ ወይ? መምህር ሲቀር ማን ይተካል?

ሦስተኛ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤትን ስትጠይቁ ሁለት ቁጥር ጠይቁ። «አሳለፍን» ከሚሉት ጎን ስንት ተማሪ አስፈተኑ? ከዚያም በላይ፣ ያ ክፍል ዘጠነኛ ሲገባ ስንት ነበር? ደካማውን በየዓመቱ እያራገፈ የቀሩትን ጥቂት ልጆች አስፈትኖ መቶ በመቶ የሚል ማስታወቂያ የሚሰቅል ካለ የእናንተን ልጅም እንደሚያራግፍ እወቁ።

አራተኛ፣ የሴቶች ሽንት ቤት ግቡ፤ እናቶችና እህቶች ይህ የእናንተ ነው። በሩ ይዘጋል? ውሃ አለ? ሴት ተማሪ በወር ውስጥ ስንት ቀን እንደምትቀር የሚወስነው ብዙ ጊዜ እዚህ ያለው ሁኔታ ነው።

አምስተኛ፣ ልጅቷ ብትለከፍ፣ ልጁ ቢደበደብ ለማን ነው የሚናገሩት? ስም ያለው ሰው ይነገራችሁ። «ለቢሮ» የሚል መልስ መልስ አይደለም።

ስድስተኛ፣ ትምህርት ቤቱ በኢንስፔክሽን ስንተኛ ደረጃ እንዳገኘ ጠይቁ። ደረጃው ከአንድ እስከ አራት ነው። ወተመህ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰበሰበውም መቼ እንደሆነ ጠይቁ። የማያውቅ ርዕሰ መምህር ከገጠማችሁ ያም ራሱ መልስ ነው።

ይህን ሁሉ ጠይቆ «ይህ ግቢ አይሆንም» ያለ ወላጅ በእውቀት ነው የወሰነው። ይህን ጠይቆ «ይሆናል፣ ግን እዚህ እዚህ ላይ እጠይቃችኋለሁ» ያለ ደግሞ ልጁን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም ልጅ ጠቅሟል። ምክንያቱም ጠያቂው ሁሉ ወጥቶ ወደ ግል ሲሄድ እዚያ የሚቀረው የድሃው፣ የየቲሙ፣ የቀን ሠራተኛው ልጅ ነው። ወላጁ መጠየቅ የሚያፍር ወይም ጊዜ የሌለው ልጅ ነው። እኛ ስንሸሽ ድምፃችንንም ይዘን ነው የምንሸሸው።

እኛስ?

«አባቴ ሱቁን ዘግቶ የት ይሄዳል? እናቴ ጉሊት ላይ ናት» የሚል ወንድም ወይም እህት ትክክል ነው። የእኛ ነገር እዚህ ላይ ይጀምራል።

ከመካከላችን ዩኒቨርሲቲ የገባ አለ፣ የጨረሰ አለ፣ ሥራ እየፈለገ የተቀመጠም አለ። የታናሽ እህታችንን ትምህርት ቤት በወር አንድ ጠዋት ሄዶ ለመጠየቅ የሚከለክለን ምንድን ነው? ወላጆቻችን ፈርተው ወይም አፍረው ያልጠየቁትን እኛ በትሕትና መጠየቅ እንችላለን። ዩኒት ሊደሩን እናውቀዋለን፤ እኛንም ቀጥቶናል! ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ለሰፈር ልጆች ሒሳብ ማስረዳት እንችላለን፤ መስጂዱ አጠገብ ያለው የመድረሳ ክፍል ከሰዓት በኋላ ባዶ ነው። ጠዋት ወደ ታክሲ የሚወጡ እህቶችን ሰብሰብ አድርጎ አብሮ መሄድ ምን ይከብዳል?

ደግሞ ሌላም እንመን። በሩ ላይ ቆሞ እህቶችን የሚለክፈው ማነው? ከሰማይ አልወረደም፤ ከእኛው ሰፈር፣ አንዳንዴም ከእኛው ቡድን ነው። ከግቢው ማዶ ያለውን ጫት ቤት የከፈተውስ? ቤቱን ለሺሻ ያከራየውስ? ስሙን ብንጠራው የማናፍርበት ሰው ነው ወይ? በትምህርት ቤቶች ዙሪያ ያሉ «አዋኪ» ቤቶችን መንግሥት አሸግኩ ሲል እናጨበጭባለን፤ ከሳምንት በኋላ በጓሮ በር ሲከፈቱ ደንበኞቹ እኛው ነን። ልጆቻችን የሚማሩበት ሰፈር ተበላሸ ብለን የምናማርረው ሰፈር እኛ ነን።

«ይህ ሁሉ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚል ካለ አዎን፣ ነው። መምህር መመደብ፣ ክፍል መገንባት፣ በሩን ማስጠበቅ ግብር ከፍለን የምንጠይቀው መብታችን ነው። ግን መብትን የሚጠይቀው እዚያ የተገኘ ሰው ነው። በሸንጎ ላይ ቡና እየጠጡ የሚጠየቅ መብት የለም።

እንግዲህ ልመናችን ይኸው ነው። ትምህርት ተጀምሮ ጥቅምት ሳያልቅ እያንዳንዳችን አንድ ታናሽ ይዘን አንድ ግቢ እንግባ። ማንም ሳይጠራን፣ ማንም ሳይቀጣ። ልጁ ማታ ቤት ሲመለስ «ዛሬ ወላጅ አምጣ ተባልኩ» ከሚል «ዛሬ ወንድሜ መጥቶ መምህሬን ሲያናግር ነበር» ይበል። በዚያ ክፍል ውስጥ ያ መምህር በማግሥቱ የሚቀር ይመስላችኋል?

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ እኛንም ለአማናችን የበቃን ያድርገን።

ወሰላሙ ዓለይኩም።